ለፈተና ስንት ትምህርት ይበቃል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ፦ ልጁ ስንት ትምህርት ይያዝ፣ የቱን ያጥብቅ፣ የቱን ይተው። አምስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ደብዳቤ የብዙ ቤት ጉዳይ ስለሆነ መልሱን ረዘም አድርገነዋል።

«ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ናቹራል። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምትማረው። ለእንግሊዝኛ፣ ለሒሳብ፣ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ አስጠኚ ይዘንላታል፤ እያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያስጠናታል። ቅዳሜ ደግሞ ለአፕቲትዩድ ሦስት ሰዓት ማሰልጠኛ ትገባለች። ይህ ሁሉ ሆኖ ውጤቷ ካምናው ወረደ። በእኛ ጊዜ ማትሪክ ላይ የሚቆጠረው ምርጡ አምስት ትምህርት ነበር። አሁንስ አንዱን ብትተው ምን ይላታል?»
እናት፣ ከአራት ኪሎ

እመቤት፣ በመጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እናጥራ። ያ የድሮው ማትሪክ አሠራር አሁን የለም። በአስረኛ ክፍል ይሰጥ የነበረው ፈተናም በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል። ዛሬ ልጅዎ የሚጠብቃት አንድ ትልቅ ፈተና የአስራ ሁለተኛው ነው። እሱም ለናቹራል ስድስት ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል፤ ድምሩ 600 ነው። ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ግማሹ፣ ማለትም 300፣ ያስፈልጋል። ምርጡ ተመርጦ ደካማው የሚጣልበት መንገድ ስለሌለ አንዱን መተው አይቻልም። ቀደም ሲል ሲቪክስ ተጨምሮ ሰባት ነበር፤ ዛሬም አንዳንድ ማሰልጠኛ የድሮውን ጥራዝ እያባዛ ሲቪክስን ጨምሮ ይሸጣልና እሱን አይግዙ።

የፈተናው ክብደት የሚታወቅ ነው። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ያየ ወላጅ ቢደነግጥና አስጠኚ በአስጠኚ ላይ ቢደርብ አይፈረድበትም። የልጅዎ ውጤት የወረደው ግን ከዚሁ ድርደራ የተነሳ ይመስለናል። ሰዓቱን አብረን እንቁጠር።

ከትምህርት ቤት ወጥታ፣ ቤት ገብታ፣ ምሳዋን ወይም መክሰሷን በልታ የምትተርፋት ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ብንል 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቅዳሜ አምስት፣ እሑድ ሦስት ሰዓት ብንጨምርበት ሳምንቱ 20 ሰዓት ተኩል ነው። አምስት አስጠኚ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን 15 ሰዓት ይወስዳል። የቅዳሜው አፕቲትዩድ ሦስት ሲታከልበት 18 ሆነ። ለራሷ የቀራት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ለስድስት ቢካፈል ለአንድ ትምህርት በሳምንት 25 ደቂቃ። የመንገዱን ጊዜ ገና አልቆጠርንም።

አስጠኚ ሲያስረዳ ልጁ ይገባዋል፤ ይህ እውነት ነው። የገባው ነገር እጁ ውስጥ የሚቀረው ግን ብቻውን ሲሠራው፣ ሲሳሳት፣ ተመልሶ ሲያስተካክለው ነው። ይህ ጊዜ ከተወሰደበት ደብተሩ በሌላ ሰው አሠራር ይሞላል፣ ፈተና ላይ ግን እርሳሱ ይቆማል። ለዚህ ነው ወርክሺቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ የአጋማሽ ፈተናው ላይ 40 የሚመጣው።

ስለዚህ መቀነስ ያለበት አስጠኚው ነው። ሁለት ይብቃት። የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ በግምት አይወሰንም፤ እንደዚህ ያድርጉ። ባለፉት ዓመታት የወጣ አንድ የፈተና ወረቀት በየትምህርቱ ያግኙላት። ሰዓት ተይዞ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተቀምጦ ትሥራው። ሒሳቡ ባለፉት ወረቀቶች 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነበር፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስድስቱን በአንድ ሳምንት አትጨርስም፤ በሦስት ሳምንት ሁለት ሁለት ትሥራ። ከታረመ በኋላ ውጤቱን ብቻ አይዩ፤ የተሳሳተችውን እያንዳንዱን ጥያቄ ከሦስት በአንዱ ምልክት ታድርግበት፦ «አላውቀውም»፣ «አውቀዋለሁ ግን ተሳሳትኩ»፣ «ሰዓት አልበቃኝም»።

ምሳሌ እንስጥ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ 50 ሜትር ሄዶ ቆመ፤ ፍጥነቱ በየሴኮንዱ የቀነሰው በምን ያህል ነው? 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ ሜትር በሴኮንድ ሲለወጥ 20 ነው። 20 በራሱ ሲባዛ 400፤ ለርቀቱ እጥፍ፣ ለ100፣ ሲካፈል መልሱ 4 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ይሆናል። ሳይለውጥ በ72 የሠራ ልጅ 51.84 ያገኛል። መጥፎው ነገር ይህ ቁጥርም ከምርጫዎቹ መሃል ተሰልፎ ሊጠብቀው መቻሉ ነው፤ ፈተና አዘጋጅ የት እንደሚሳሳቱ ያውቃል። ይህ ልጅ ቀመሩን ያውቃል፤ አስጠኚ ቀጥሮ ቀመሩን እንደገና ማስረዳት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚያስፈልገው በየጥያቄው መጀመሪያ መለኪያዎቹን ጻፍ አድርጎ የመለወጥ ልማድ ነው፤ በሁለት ሳምንት ልምምድ ይመጣል።

«አላውቀውም» የሚለው ምልክት የበዛበት ትምህርት ነው አስጠኚ የሚሻው። እዚያም ቢሆን ወዴት ተመልሰው እንደሚያስጠኗት ይጠይቁ። የፈተናው ጥያቄ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ አይወጣም፤ የታችኞቹ ክፍሎችም ይገቡበታል። ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ታች ነው። በአስረኛ ክፍል ኬሚስትሪ መጀመሪያ ላይ ያለው የሞል ስሌት ያልገባት ልጅ አስራ ሁለተኛ ክፍል ኤሌክትሮኬሚስትሪ ላይ ስትደርስ በአንድ የኤሌክትሪክ መጠን ስንት ግራም መዳብ እንደሚለጠፍ ማስላት አትችልም። ጥያቄው የአስራ ሁለተኛ ነው፣ ጉድለቱ ግን የአስረኛ ነው። ጥሩ አስጠኚ የአስረኛውን መጽሐፍ አስከፍቶ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ቀን «ቻፕተር ስንት ላይ ናችሁ?» ብሎ ከትምህርት ቤቱ እኩል የሚሮጠውን ያሰናብቱ።

ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሆኑ እንበል። ሁለት አስጠኚ ሁለት ሁለት ጊዜ ስድስት ሰዓት ነው፤ 14 ሰዓት ተኩል ይተርፋታል። እኛ ብንሆን ሒሳብን አራት፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪን በግሏ ሁለት ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ባዮሎጂና እንግሊዝኛን ሁለት ሁለት፣ አፕቲትዩድን አንድ ሰዓት ተኩል እንሰጥ ነበር። አፕቲትዩድ መጽሐፍ የለውም፤ የቃላትና የስሌት ማሰላሰያ ስለሆነ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ በሰዓት ተይዞ መሥራት ከአንድ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ይበልጣል። ሒሳብ ብዙ የወሰደው ፊዚክስንም፣ ኬሚስትሪንም፣ የአፕቲትዩዱን ግማሽም ስለሚሸከም ነው።

እሑድ ከሰዓት ያሳርፏት። ይህን ከልብ ነው የምንለው፤ የደከመች ልጅ ላይ ሰዓት ቢጨመርባት ገጽ ትቆጥራለች እንጂ አታጠናም።

«አስረኛ ክፍል ነኝ። የሚቀጥለው ዓመት ናቹራል ወይም ሶሻል እመርጣለሁ። ታሪክና ኢኮኖሚክስ እወዳለሁ፤ በሒሳብ 58 አለኝ፣ በፊዚክስ 44። ቤተሰቦቼ ናቹራል ብዙ በር ይከፍታል፣ ሶሻል የሰነፍ ነው ይላሉ። ጓደኞቼ ደግሞ ሶሻል ግቢ፣ ከሒሳብ ትገላገያለሽ ይሉኛል። የቱ ይሻለኛል?»
ተማሪ፣ ከፒያሳ

እህታችን፣ ሁለቱም ወገን የሳተው ነገር አለ። ከሒሳብ መገላገል የሚባል ነገር የለም። ሶሻልም ስድስት ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ። የሶሻሉ የሒሳብ ወረቀት ከናቹራሉ ይለያል፤ ግን ከ100 ነው የሚታረመው፣ ከ600ውም ውስጥ ይገባል። ሒሳብን ሸሽተው ሶሻል የገቡ ተማሪዎች የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተሩን ሳይገልጡ ይከርሙና 20 እና 25 ያመጣሉ።

እንግዲህ ምርጫሽ ስድስት ከስድስት አይደለም። ሦስቱ የጋራ ናቸው። የምትመርጪው ሦስት በሦስት ነው፦ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ወይስ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ?

ሕክምናና ምህንድስና በናቹራል በኩል ነው የሚገባባቸው፤ ይህን ቤተሰቦችሽ ልክ ናቸው። አንዱን በእውነት የምትፈልጊ ከሆነ ፊዚክስ 44 መሆኑ አያስቀርሽም፣ አንድ ዓመት ተኩል ይበቃል። ነገር ግን በሩ የሚከፈተው 300 ላመጣ ነው። በሦስቱ ሳይንስ 40፣ 40፣ 40 ብታመጪ 120 ነው፤ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከአፕቲትዩድ 180፣ ማለትም በእያንዳንዳቸው 60 ማምጣት ይኖርብሻል። በምትወጃቸው ትምህርቶች 60፣ 60፣ 60 ብታመጪ ደግሞ ከሦስቱ የጋራ የሚጠበቅብሽ 40፣ 40፣ 40 ይሆናል። ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ጋዜጠኝነት የሰነፍ ሥራ አይደሉም፤ ሰነፍ የሚባለው ሳይከፍት የወደቀ ነው።

ከመወሰንሽ በፊት ሁለት ሳምንት ፈትኚው። በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ አስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መጽሐፍ ተውሰሽ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቢ፤ ከኋላው ካሉት ጥያቄዎች አስር አስር ሥሪ። በሁለተኛው ሳምንት በኢኮኖሚክስና በጂኦግራፊ እንዲሁ አድርጊ። ስንቱን አገኘሽ ከሚለው ይልቅ ያቃተሽን ጥያቄ ለማወቅ ተመልሰሽ መጽሐፉን የገለጥሽው በየቱ እንደሆነ አስተውዪ። ያንን ወረቀት ለአባትሽና ለእናትሽ አሳዪያቸው፤ «እወደዋለሁ» ከሚል ቃል ይልቅ ሰው የሚቀበለው የተሠራ ነገር ነው።

«ልጃችን አይጂሲኤስኢ የሚባለውን የእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና በሚሰጥ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ከሰባት እስከ አስር መውሰድ ይችላል ብሎ ፎርም ልኮልናል። ለየትምህርቱ የፈተና ክፍያ አለ፤ ክፍያውም ቀላል አይደለም። የክፍሉ ጎበዝ ልጆች አስር ሞልተዋል። ልጄ ሰባት ቢወስድ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ያንስበታል?»
አባት፣ ከሜክሲኮ

አያንስበትም። ሰባት ወይም ስምንት ይውሰድ፤ ዘጠነኛውን የሚጨምረው በተለየ ምክንያት ብቻ ይሁን፤ አስርን አንመክርም።

ምክንያታችን ይህ ነው። ካምብሪጅ አንዱን የአይጂሲኤስኢ ትምህርት የሚያዘጋጀው ለ130 ሰዓት ያህል የክፍል ትምህርት ነው። ስምንት ትምህርት 1040 ሰዓት፣ አስር 1300 ሰዓት ነው። ልዩነቱ 260 ሰዓት ነው፤ የትምህርት ቤቱ የሰዓት ፕሮግራም ግን አይለጠጥም፤ ለሁለቱ ጭማሪዎች የሚሆነው ጊዜ ከሌሎቹ ስምንቱ ይሸራረፋል። ፎርሙን ሲሞሉ «ለአስሩ ትምህርት በሳምንት ስንት ስንት ክፍለ ጊዜ ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁ። ለስምንቱ ከሚሰጠው ጋር ያስተያዩት።

የወረቀቱ ብዛት ደግሞ ሌላ ነው። ትምህርቱ አንድ ቢሆንም ፈተናው አንድ አይደለም። ፊዚክስ ብቻውን ሦስት ወረቀት አለው፦ ምርጫ፣ ጽሑፍ፣ እና የላቦራቶሪ ሙከራ ወይም የእሱ ምትክ የሆነ ወረቀት። ኬሚስትሪና ባዮሎጂም እንዲሁ። ሦስቱን ለየብቻ የወሰደ ልጅ በሳይንስ ብቻ ዘጠኝ ፈተና ይቀመጣል። ሒሳብ ሁለት፤ እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ንባብና ጽሑፍ፣ ማዳመጥና ንግግር ይዞ ሦስት፤ አይሲቲ ሦስት፤ ኢኮኖሚክስ ሁለት፤ ቢዝነስ ሁለት። እነዚህ ስምንት ትምህርቶች 21 ወረቀት ናቸው፤ የሚሰጡትም በአንድ የፈተና ወቅት ውስጥ ነው። አስር ሲሆን ጠዋት አንድ ከሰዓት አንድ የሚገጥምባቸው ቀናት ይበዛሉ፤ የሚጎዳው ደግሞ የከሰዓቱ ነው።

ዩኒቨርሲቲን በተመለከተ፣ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪውን በዋናነት የሚመዝኑት ከአይጂሲኤስኢ ቀጥሎ በሚመጣው በኤ ሌቭል ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሦስት ትምህርት ነው። አይቢ የሚባለውን ሌላ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም የሚቀጥል ከሆነም ስድስት ትምህርት ነው፤ ሦስቱ ከፍ ባለ ደረጃ። ከአይጂሲኤስኢው የሚፈለገው ብዙ ቦታ አምስት ያህል ማለፊያ፣ በእንግሊዝኛና በሒሳብ C ወይም ከዚያ በላይ ነው። ፉክክር የበዛበት እንደ ሕክምና ያለው የውጤቱን ከፍታ ያያል። ሰባት A ካለው ልጅና አራት A፣ ሦስት B፣ ሦስት C ካለው ልጅ የፊተኛው ይመረጣል።

ሰባት የሚለው ቁጥር ሌላም ትርጉም አለው። ካምብሪጅ አይሲኢ የሚባል የቡድን ሰርተፍኬት አለው፤ ለሱ ሰባት ትምህርት ያስፈልጋል፦ ሁለት ከቋንቋ፣ አንድ ከማህበራዊ፣ አንድ ከሳይንስ፣ አንድ ከሒሳብ፣ አንድ ከሙያና ከፈጠራ፣ ሰባተኛው ከፈለጉት። ሰርተፍኬቱ ግዴታ አይደለም፤ ይህ አከፋፈል ግን ፎርም ሲሞላ ጥሩ መስፈሪያ ይሆናል፤ ልጁ በአሥራ አራት ዓመቱ አንዱን በር እንዳይዘጋ ያደርገዋል።

ፎርሙ ላይ ሦስት ነገር ተጠንቅቀው ይዩ። አንደኛ፣ ሳይንሱ። ሐኪም ወይም መሐንዲስ መሆን የሚያስብ ልጅ ሦስቱን ለየብቻ ቢወስድ ይሻላል። ሌላው ግን «ኮኦርዲኔትድ ሳይንስ» የሚባለውን መውሰድ ይችላል፤ ሦስቱንም ይዟል፣ እንደ ሁለት ትምህርት ይቆጠራል፣ ከዘጠኝ ወረቀት ወደ ሦስት ያወርደዋል። ሁለተኛ፣ ደረጃው። በሒሳብና በሳይንስ «ኮር» እና «ኤክስቴንድድ» የሚባል አለ። ኮር የተመዘገበ ልጅ ሁሉንም ቢመልስ እንኳ ከ C አይበልጥም። ትምህርት ቤቱ ከሁለቱ በየቱ እንዳስመዘገበው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሰኔው ፈተና ምዝገባ ብዙ ጊዜ የካቲት አካባቢ ስለሚዘጋ ጥር ላይ ይጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ መለወጥ ያስከፍላል። ሦስተኛ፣ ልጁ እዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ የመግባት ሐሳብ ካለው የውጭ ሰርተፍኬት አቻ ግምት ያስፈልገዋል። ትምህርቶቹን ከመምረጣችሁ በፊት የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትን ጠይቃችሁ የትኞቹና በምን ውጤት እንደሚፈለጉ በወቅቱ መመሪያ አረጋግጡ። ፈተናውን ካለፈ በኋላ «ይህ ትምህርት ጎደለህ» መባል የሚያስለቅስ ነገር ነው።

ለዘጠነኛ ትምህርት «የተለየ ምክንያት» ያልነው፦ ልጁ አስቀድሞ የሚናገረው ቋንቋ ሲሆን፣ ለምሳሌ አረብኛ ወይም ፈረንሳይኛ ቤት ውስጥ የሚነገር ከሆነ፤ ወይም በሒሳብ ጠንካራ ሆኖ ተጨማሪ ሒሳብ ሲወስድ። ሁለቱም አዲስ ሸክም ከመሆን ይልቅ ያለውን ያጠነክራሉ።

«የወንድሜን ልጅ አሳድጋለሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል ነው። አስራ ምናምን ትምህርት አለው። ማትሪክ ላይ የማይመጡትን፣ አማርኛን፣ ዜግነትን፣ አይቲን፣ ስፖርትን ችላ በል ብለው?»
አክስት፣ ከአራዳ

አይበሉት፣ እመቤቴ። ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል የየትምህርቱ ውጤት ትራንስክሪፕት ላይ ይጻፋል፤ ለውጭ አገር ዕድል የሚያመለክት ልጅ የአራቱን ዓመት ውጤት ነው የሚጠየቀው። አይቲም ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ማትሪኩን በኮምፒውተር የሚፈተኑ ተማሪዎች አሉ፤ አይጥ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ እውቀት እያለው ጊዜ ያጣል። ይሁን እንጂ ለእነዚህ ትምህርቶች ቤት ውስጥ ረጅም ሰዓት አይጠፋም። ክፍል በደንብ ተከታትሎ፣ ከፈተና በፊት ሁለት ሦስት ቀን ቢገልጣቸው ይበቃዋል። የቤቱ ሰዓት ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ይሁን፤ በዘጠነኛ ክፍል ሌላውን ሁሉ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

«ከካዛንቺስ ተነስተን ገላን ጉራ ገብተናል። ወንድሜ አስራ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነ ትምህርት ቤት አልቀየርንለትም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ነው። ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል። በሙከራ ፈተና እንግሊዝኛ 55፣ ሒሳብ 30፣ አፕቲትዩድ 50፣ ፊዚክስ 28፣ ኬሚስትሪ 42፣ ባዮሎጂ 62 አመጣ። ሒሳብና ፊዚክስን ትቶ አራቱን ቢያጠብቅ አይሻልም?»
ታላቅ እህት

እህታችን፣ ውጤቱን ዘርዝረሽ ስለላክሽልን እናመሰግናለን፤ በዚህ ዓይነት ነው መምከር የሚቻለው።

ድምሩ 267 ነው። የጎደለው 33 ነው። ሒሳብና ፊዚክስን ቢተው ሙሉ 33ቱን፣ ከዚያም በላይ፣ ከአራቱ ላይ ማውጣት አለበት። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ዝም ብሎ ያጠቆረ ሰው በአማካይ 25 ያገኛል፤ ማለትም ወንድምሽ በፊዚክስ ያለው 28 ከግምት ብዙም አይርቅም። ይህ የሚያስደነግጥ ይመስላል፤ እኛ ግን ተስፋ የምናየው እዚያ ላይ ነው። ባዮሎጂን ከ62 ወደ 80 ማውጣት ከባድ ሥራ ነው፤ የቀሩት ጥያቄዎች አስቸጋሪዎቹ ናቸውና። ፊዚክስን ከ28 ወደ 36፣ ሒሳብን ከ30 ወደ 40 ማውጣት ግን ቀላሎቹን ምዕራፎች መያዝ ብቻ ይጠይቃል። ሒሳብ 10፣ ኬሚስትሪ 10፣ ፊዚክስ 8፣ አፕቲትዩድ 5 ቢጨምር 33 ሞላ። በልክ ሞልቶ መቅረት ያሰጋልና 320 ያልም፤ ቀሪውን 20 ከእነዚሁና ከእንግሊዝኛ ይፈልግ።

በፊዚክስ ሁሉንም አያሳድድ። እንቅስቃሴ፣ የኒውተን ሕጎች፣ ሥራና ኃይል፣ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት፤ እነዚህን አራቱን ብቻ ይያዝ። በሒሳብ ፈንክሽኖችን፣ ሴኩዌንስን፣ ስታቲስቲክስንና ፕሮባቢሊቲን አስቀድሞ፣ ካልኩለስ ላይ ዴሪቬቲቭን ብቻ ይጨምር። ኢንቴግራል ላይ የሚጠፋው ሳምንት አሁን ለእሱ አያዋጣም።

መንገዱን በተመለከተ፣ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 17 ሰዓት ተኩል ነው፤ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። አውቶቡስ ላይ ቆሞ ሒሳብ አይሠራም፤ ይሠራል ብሎ ያሰበ ቤት ሲገባ ምንም አልሠራም። ለመንገድ የሚሆነው የሚታወስ ነገር ነው። ማታ ከመተኛቱ በፊት በመዳፍ ልክ በተቆረጠ ወረቀት በአንድ ወገን ጥያቄ፣ በሌላው መልስ ይጻፍ፤ ሃያ ወረቀት ይበቃል። የባዮሎጂ ስሞች፣ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ የኬሚስትሪ አዮኖች ምልክት። ጠዋት ሳይገለብጥ ይሞክር፤ ያላወቃትን ወደ ኋላ ኪሱ፣ ያወቃትን ወደ ፊት ኪሱ ያድርግ። ማታ ሲመለስ የኋላ ኪሱን ብቻ ያውጣ። ማታ ከደከመው ይተኛ፤ መቀመጫ ያገኘ ልጅ የተኛው አርባ ደቂቃ ቤት ሲገባ ይከፍለዋል።

እስክሪብቶ የሚፈልገው ጥናት ከተማ ውስጥ ይሁን። በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቶ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ-መጻሕፍት ይግባ፤ በነጻ ነው፣ ጸጥታም አለ። እዚያ ሒሳብና ፊዚክስን ብቻ ይሥራ፤ ኬሚስትሪው ለቤት ይቆይ። ከሠፈሩ ከሚመላለስ ሌላ ተማሪ ጋር ቢሆን መመለሻው ላይ ብቻውን አይሆንም፤ እናንተም አትሰጉም። በቀሩት ሦስት ቀናት ሰልፉ ሳይረዝም ወዲያው ወደ ቤት ይነሳ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሙሉ ወረቀት ቤት ውስጥ በሰዓት ይሥራ፤ አንዱን ቅዳሜ ሒሳብ፣ ቀጣዩን ፊዚክስ፣ ሦስተኛውን ኬሚስትሪ። ያን ዕለት አንቺ ሰዓት ያዢለት፣ እርማቱንም አንቺ አርሚው። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ስድስቱን ተፈትኖ ውጤቱን ብትልኪልን የቀረውን ስድስት ሳምንት አብረን እናከፋፍላለን።